የብብት ቤት በሮች

ይህን የምነግራችሁ ስለማምናችሁ አይደለም። ሰው ማመን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ እናንተም ብትሆኑ ዛሬ ለምን እንዲህ ተጠጋግታችሁ እንደተቀመጣችሁ፣ ማን እንደላካችሁ አላውቅም። ግን ዕድሜዬ ገፍቷል። ሰገነቴ ከዳር ከዳሩ ቢጫ እየሆነ ነው፤ ያ የሚጣፍጥ ሽታም ሰሞኑን በበሬ ሥር መግባት ጀምሯል። ስለ ሽታው ስደርስበት እነግራችኋለሁ። የሚያስለው ሰው አሁኑኑ አስሎ ይጨርስና ስሙኝ።

አገራችን ሽቅብ ትባላለች። ከጨለማው ምድር ተነስታ ወደ ሰማይ የምትሄድ አንዲት ምሰሶ ናት። በምሰሶዋ ዙሪያ እርከኖች አሉ፤ ከእያንዳንዱ እርከን አንድ ሰገነት ወደ ፀሐይ ተዘርግቶ ይወጣል። እኛ ትልልቆቹ ባለ ሰገነቶች ነን። ሥራችን ከማለዳ ጀምሮ እጃችንን ዘርግተን ፀሐይ መቀበል፣ የተቀበልነውን አብስለን ለአገር ማካፈል ነው። ሁላችንንም ጫፉ፣ ከሁሉ በላይ የሚቆመው ሰው፣ ሽቅብ ሲሄድ በየእርከኑ እየጣለን አለፈ ይባላል፤ እኔ የሰማሁትን ነው የምላችሁ። ሰገነት ዕድሜው አጭር ነው፤ ቅርንጫፍ ግን ይቆያል። ስለዚህ በሽቅብ የአንድ ወላጅ ተስፋ ልጁን ቅርንጫፍ ሆኖ ማየት ብቻ ነው።

ልጆቻችሁ የት ናቸው ካላችሁኝ፣ ብብት ቤት ናቸው። ሰገነቱ ከምሰሶው በሚጋጠምበት ጉያ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ እሷ ናት ብብት ቤት። ልጅ ሲወለድ በቅርፊት ላይ ቅርፊት ተጠቅልሎ፣ ጉልበቱ አገጩን ነክቶ እዚያ ይገባል፤ በሩም ይዘጋል። "ፈቃድ ሲወርድ ይወጣል" ይባላል። እዚያ ውስጥ ሆኖ ያወራል፣ ይስቃል፣ ይጠይቃል፤ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ግን ቁመቱ ያው ነው። እኔ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉኝ። ትልቋ የውብዳር፣ አራት እርከን ወደ ታች በባለቤቴ በደብሪቱ ሰገነት ጉያ ነበረች። ትንሿ ስንቅነሽ ደግሞ በእኔው ሰገነት ጉያ፣ ከጫፉ ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያው እርከን ላይ። የውብዳር ስትናገር ድምፅዋ የትልቅ ሴት ነው። በበሩ ሥር እጇን ስታወጣ ግን እጇ የሕፃን ነው። ይህ ይለመዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ይለመዳል፤ ሁላችንም ለምደን ነበር።

የእኔ ሹመት ዋንጫ ተሸካሚ ነው። ጫፉ ከመጋረጃ ጀርባ ነው የሚኖረው፤ ማንም አያየውም። ከመጋረጃው ሥር በምትወጣ ቀጭን አሸንዳ ጠብታ ይወርዳል። እኔ ጠዋት ጠዋት በዋንጫ እቀበልና ከእርከን እርከን እየወረድኩ በየብብት ቤቱ በር ሥር እቀዳለሁ። ልጆቹ ጽዋቸውን በበሩ ሥር ገፋ ያደርጉልኛል፣ ቀድቼ እመልስላቸዋለሁ። "ጠብታ የጫፉ ጡት ነው!" እያልኩ መጮህም የሹመቱ አካል ነው። እውነት ለመናገር፣ ሲጠጡ ደስ ይላቸዋል። "ጠግቤያለሁ አባዬ፣ ዛሬ መውጣት አላሰኘኝም" ትለኝ ነበር ስንቅነሽ። ሌላው ሥራዬ ነፋስ ሲመጣ ጫፉን ማሰር ነው። ገመዱ በመጋረጃው ቀዳዳ ወጥቶ በሰገነቴ ካስማ ላይ ይቋጠራል። ነፋስ ሲነሳ አጥብቄ ካላሰርኩት ጫፉ ይሰበራል። አገሩን በሙሉ የምሸከም ይመስለኝ ነበር፤ ሞኝነቴ!

ከልጅ ጋር አንድ ጥራዝም ብብት ቤት ይገባል። የሁሉም ሰው ጥራዝ አንድ ዓይነት ነው። ከታች ጨለማ ውስጥ የሚቆፍረውም፣ እሾህ ሆኖ የሚኖረውም፣ ጫፉም ራሱ የያዘው ያንኑ ጥራዝ ነው፤ አንድ ፊደል አይጎድለውም። ሥር እንዴት እንደሚኮን፣ ሰገነት እንዴት እንደሚዘረጋ፣ አበባ እንዴት እንደሚፈነዳ፣ ሁሉም ተጽፎበታል። ችግሩ ገጾቹ የተሰፉ መሆናቸው ነው። ለየቤቱ የሚፈታለት የሥራው ገጽ ብቻ ነው። ጎረቤቴ አያ ጥጋቡ እሾህ ነበር፤ የእሾህን ገጽ በቃሉ ይወጣዋል። የአበባው ገጽ እዚያው ትራሱ ሥር እንደተሰፋ ሞተ።

የሚሰፉትም የሚፈቱትም ባለ መርፌዎች ናቸው። አለቃቸው አዛዥ ጓንጉል ነው። ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ የለምና አልቸገርም። አንድ ቀን ለየውብዳር የቅርንጫፍ ገጽ ይፈታላት ብዬ ልጠይቅ ሄድኩ። ከፊቴ የቆመው ሰው የአበባ ገጽ የሚጠይቅ ነበር፤ እሱ ብርድ ለመታው ብቻ ነው የሚፈታው።

"ብርድ መትቶሃል?" አለው አዛዡ፣ ካቦርታውን እስከ ጆሮው ስቦ።

"አዎ ጌታዬ፣ ወቅቱን ሙሉ።"

"ምስክር አለህ?"

"አብረውኝ የበረዳቸው አሉ።"

"የበረደው ለበረደው አይመሰክርም። ያልበረደው አምጣ።"

"ያልበረደው ሰው እኔ ሲበርደኝ የት አየኝ ጌታዬ?"

"እሱ የራስህ ጉዳይ ነው። የሚቀጥለው!"

የሚቀጥለው እኔ ነበርኩ። "ለቅርንጫፍ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?" አልኩት።

"ለቅርንጫፍ ምንም አያስፈልግም።"

ደስ አለኝ። "እንግዲያው ይፍቱልኛ!"

"አይፈታም።"

"ለምን ጌታዬ?"

"ቸኮል፣ እኔ የጻፍኩት ነገር የለም። አንተው የምታመጣውን ጠብታ ጠዋት ጠዋት በምላሴ እቀምሳለሁ። ጠንካራ ከሆነ የቅርንጫፍን ገጽ እሰፋለሁ፤ ከሳሳ እፈታለሁ። እስከ ዛሬ ሳስቶ አያውቅም።"

"ማነው የሚያጠነክረው?"

መርፌውን በካቦርታው እጅጌ ወለወለና "ጠይቄ አላውቅም" አለኝ። "አንተስ፣ ተሸካሚው? ጠይቀህ ታውቃለህ?"

ያን ቀን አፍሬ ወጣሁ። መጠርጠር የጀመርኩት ግን በደብሪቱ ጊዜ ነው። አንድ ሰሞን በእርከኗ ላይ ሽታ መጣ፤ የበሰለ ሙዝ ዓይነት፣ የሚጣፍጥ ሽታ። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሽታው በመጣ በሦስተኛው ቀን ባለ መርፌዎች መጡና ከጥራዟ ተፈትቶ የማያውቅ አንድ ገጽ ፈቱላት። በማግስቱ ቡሽ የተሸከሙ ግንበኞች መጥተው በሰገነቷና በምሰሶው መካከል ግድግዳ ማቆም ጀመሩ። ሮጬ ስደርስ ቡሹን የምታቀብላቸው ደብሪቱ ራሷ ናት!

"ምን እያደረግሽ ነው አንቺ?" አልኳት።

"ገጹ ተፈታልኝ እኮ ቸኮል። ምን ማድረግ እንዳለብኝ ገና አሁን ገባኝ" አለችኝ። ፊቷ ቢጫ ሆኖ፣ እንዲያውም አምሮባት ነበር።

ግድግዳው አለቀ። በሦስተኛው ቀን እዚህ ግባ የማይባል ነፋስ መጣና ከነሰገነቷ ወረደች። ሰዉ አጨበጨበ፤ "የክብር ስንብት" ይሉታል። እኔ አላጨበጨብኩም። ከእሷ የቀረው ጠባሳና ጠባሳው ላይ የተለጠፈችው የየውብዳር ብብት ቤት ነው። ልጄ ከውስጥ ሆና "እማዬ ምነው ዝም አለች?" ስትለኝ በሩ ላይ ግንባሬን አስደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ አገር በራሱ የሚሆን ነገር የለም ብዬ ቆረጥኩ። አንድ የሚቀምም ሰው አለ። ሽታውንም፣ ጠብታውንም የሚቀምም፣ የሆነ ቦታ ጋኑን ደብቆ የተቀመጠ ሰው አለ።

ታዲያ አንድ ጊዜ ትኩሳት ያዘኝና አራት ቀን ከመደብ አልተነሳሁም። ተተኪ አልነበረኝም፤ ጠብታውም አልተቀዳም። በአራተኛው ቀን ከጎኔ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የስንቅነሽ በር ጣት ያህል ተከፍቷል። በክፍተቱ አንዲት አረንጓዴ የእግር ጣት ወጥታለች። ጣቷን ያዝኳት፤ ትሞቃለች።

"አባዬ፣ እግሬን አሳከከኝ" አለችኝ።

"ተይው፣ አትከልክይው፣ ይውጣ!"

ግን በማግስቱ አዛዥ ጓንጉል ራሱ መጥቶ ከመደቤ አስነሳኝ። አገር ተርቧል፣ ልጆች ያለ ጡት ተኝተዋል ብሎ ጮኸብኝ። ዋንጫውን ይዤ ዞርኩ። ለስንቅነሽም ቀዳሁላት፤ ምን ላድርግ፣ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። በነጋታው ጣቷ ገብታ በሩ ተዘግቷል። እሷም "አሁንስ ደህና ነኝ፣ ማሳከኩ ተወኝ" አለችኝ። እንግዲህ አስቡት። ለዓመታት ለልጆቼ ጡት ነው እያልኩ የቀዳሁት የበራቸውን መቆለፊያ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም ማለት ይቀላል፤ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ዓይኔ መጀመሪያ የወደቀው እትዬ አመለወርቅ ላይ ነበር። እሷ የታችኞቹ ሰው ናት። ከጨለማው ሥር ውሃ በእንስራ ተሸክማ ሽቅብ የምታመጣ፤ እኔ ስወርድ እሷ ስትወጣ መሃል እርከን ላይ እንገናኛለን። አንድ ጠዋት መንገዷን ዘጋሁባት።

"ውሃው ውስጥ ምን ጨምረሽበታል?" አልኳት።

እንስራዋን አወረደችና አየችኝ። "አያ ቸኮል፣ ትኩሳቱ ሄደ ብለውኝ ነበር፤ አልሄደም እንዴ?"

"አትቀልጂብኝ። ምንድን ነው የምትሸከሚው?"

"ውሃ ነው። ከውሃው ጋር ደግሞ መልእክት አለ። እኛ ከታች በየቀኑ 'ውጡ፣ በሩን ግፉ፣ ውሃ አለላችሁ' ብለን ለልጆቹ እንልካለን። አያቴም ይህንኑ ስትልክ ነው የኖረችው። እስኪ አንተ ንገረኝ፤ መልእክታችንን በመንገድ ላይ የሚበላው ማነው?" ዋንጫዬን በጣቷ ነካች። "ይኸው፣ ይህ ነው የሚበላው።"

"እኔ ተሸካሚ ነኝ።"

"እሱማ ሁላችንም ተሸካሚ ነን፤ አህያም ተሸካሚ ናት" አለችና እንስራዋን አንስታ አለፈችኝ። ሁለት እርከን ከወጣች በኋላ ዞር ብላ "የምትቀዳውን ከየት እንደምታመጣ ገብተህ እየው፣ ወንድ ከሆንክ!" አለችኝ። አነጋገሯ አናደደኝ፤ ግን ልክ ነበረች።

በማግስቱ መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። የጠበቅኩት ጋን፣ ቀማሚ፣ ዘበኛ፣ የቅመም ጆንያ ነበር። አንዱም የለም። አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል። ዓይኑ ተከድኗል፣ አንገቱ ወደ ብርሃኑ ተስቧል፣ እጆቹ ከጎኑ ተጣብቀዋል። ከግንባሩ፣ ከአንገቱ፣ ከብብቱ ላብ ይወርዳል። ላቡ ደረቱ ላይ ተጠራቅሞ በእግሩ ሥር ባለችው አሸንዳ ይገባል። አሸንዳዋ የእኔዋ ናት፤ በሌላው ጫፏ ዋንጫዬ ተቀምጧል።

"ማነው?" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ዋንጫ ተሸካሚው።"

"ታች ያሉት ደህና ናቸው?"

እንግዲህ ይህን ያየ ሰው ምን ይላል? እናንተ ብትሆኑ ነገሩ ይገባችሁ ይሆናል። እኔ ግን ጠርጣራ ነኝ። "ጋኑን ደብቀውታል" ነው ያልኩት በልቤ። ይህን ምስኪን አቁመው እኔን ሊያታልሉኝ ነው፤ ላቡም ማስመሰያ ነው፤ ስለ ታች ደህንነት የሚጠይቀውም አስተምረውት ነው። ዓይኔ ያየውን ጥርጣሬዬ አላምንም አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ከምሥራቅ በኩል ምሰሶዋ መወዛወዝ ስትጀምር ሁሉም ወደ እኔ ጮኸ፤ "ቸኮል፣ እሰር! ቸኮል፣ እሰር!" ገመዱ እጄ ላይ ነው። ካስማው እግሬ ሥር ነው። አንድ ቋጠሮ ብቻ ነው የሚጎድለው። ጎኔ ላይ የስንቅነሽን በር አየሁት። ደብሪቱን አሰብኳት። የየውብዳርን የሕፃን እጅ አሰብኩ። እጄን ከፈትኩት።

የጎመን ዘንግ ሲቀነጠስ የሚሰማውን ድምፅ ታውቃላችሁ። ያው ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ጫፉ በአጠገቤ አልፎ ወረደ። አፉን ሲከፍት አይቻለሁ፤ ምን እንዳለ ግን ነፋሱ አላሰማኝም። "ገመዱ አረጀ" አልኩ፤ ሰዉም አመነኝ። መዋሸቴን እስከ ዛሬ ከአንድ ሰው በቀር አልነገርኩም።

ከዚያ ያየሁትን ደስታ ግን አልክድም። አሸንዳዋ ደረቀች። አዛዥ ጓንጉል ጠዋት ምላሱን አውጥቶ የሚቀምሰው አጣ። ግራ ገብቶት መርፌውን ወደ ታች ዘቀዘቀና ገጾቹን መፍታት ጀመረ። በሳምንት ውስጥ በየእርከኑ ሲጥ፣ ሲጥ፣ ሲጥ ይል ጀመር። በሮቹ ተከፈቱ! ልጆች ቅርፊታቸውን እየጣሉ፣ ዓይናቸውን እያሹ ወጡ። የአመለወርቅ ውሃ እንደ ልቡ ሽቅብ ወጣ፤ እሷም መሃል እርከን ላይ ስታገኘኝ ሳቀችና ትከሻዬን መታችኝ። የውብዳር ስትወጣ በሩ ላይ ነበርኩ። ጉልበቷን ዘርግታ ቆመች፤ ወገቧን ይዛ ተንጠራራች። ቁመናዋ ቁርጥ ደብሪቱ! እጇን አየሁት፤ የሴት እጅ ሊሆን ነው። አቅፌያት ጆሮዋ ላይ "ገመዱን አላሰርኩትም፤ ለእናንተ ብዬ ነው" አልኳት። ከዚያ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ለአንድ ወቅት ሁለቱም ልጆቼ አደጉ። ሽቅብ ወደ ጎን ሰፋች፤ አየሩ ራሱ የተለየ ነበር። ስንቅነሽ መጀመሪያ እንደ ሌሎቹ ወደ ጎን ነበር የወጣችው። እሷ ግን ከሁሉም ላይ ናት፤ ለብርሃኑ እሷ ትቀርባለች። ቀስ እያለች ቀና አለች። ማንም አልመረጣትም፣ ማንም አልቀባትም። አንድ ጠዋት ሳያት የቀድሞው ጫፍ በቆመበት ቦታ፣ ከዚያም ከፍ ብላ ቀጥ ብላለች። "ልጅህ ጫፍ ሆነች!" እያለ ሰው መጥቶ እንኳን ደስ ያለህ አለኝ። ባለ መርፌዎች መጋረጃ ሰቀሉላት። ኩራት ተሰማኝ፤ አልዋሽም፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የዞርኩት።

በደረቀችው አሸንዳ ሥር ዋንጫዬን ደፍቼ ትቼው ነበር። አንድ ማለዳ ለማጽዳት ሳነሳው መሬቱ እርጥብ ነው። ቀና አድርጌ አስቀመጥኩት። ቆሜ አየሁት። ጠብ አለ። እንደገና ጠብ አለ። ከኋላዬ አዛዥ ጓንጉል መጥቶ ጣቱን ነክሮ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። "ጠንካራ ነው" አለ፤ እፎይ ያለ ይመስላል። ካቦርታው ላይ የተሰካችውን መርፌ ነቀለና ወደ ታች ወረደ። ብዙም ሳይቆይ የወጡት ልጆች ወደየብብት ቤታቸው ይመለሱ ጀመር።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ልጄ ዓይኗን ከድና፣ አንገቷን ስባ ቆማለች። ከስታለች። ላቡ ከአገጯ ወደ ደረቷ፣ ከደረቷ ወደ አሸንዳዋ ይወርዳል።

"ስንቄ፣ ምንድን ነው የምታወርጂው?" አልኳት።

"እኔ? ምንም አላወረድኩም።"

"ይህ ከአገጭሽ የሚንጠባጠበውስ?"

"ላብ ነዋ አባዬ። እያደግኩ እኮ ነው።" ዓይኗን አልገለጠችም። "ታች ያሉት ደህና ናቸው?"

ያን ጊዜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ያ የጣልኩት ሰውም ይህንኑ ነበር የጠየቀኝ።

"የውብዳር እየተዘጋባት ነው" አልኳት።

"ማነው የሚዘጋባት?" ብላ ተቆጣች፤ ከልቧ ነው። "ስሙን ንገረኝ፣ ዛሬውኑ አስከፍትላታለሁ!"

"ስንቄ... ማደጉን ትንሽ ብትተዪው?"

"ትቼ ምን ልሁን?" አለችኝ። ተንኮል አልነበረባትም፤ የምትሆነውን ሌላ ነገር እውነትም አታውቅም።

ጥራዜን ይዤ ወደ አዛዥ ጓንጉል ወረድኩ። "የጫፍን ገጽ ይፍቱልኝ፣ ካነበብኩት በኋላ ይስፉት" አልኩት። አልፈታም ብሎ ይከራከረኛል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን የደከመው መሰለኝ፣ ክሩን ሳበው። ሁለት መስመር ነው። ሽቅብ የወጣ ያልበዋል፤ ላቡ የደረሰበት ባለበት ይቆያል። የየውብዳርን ጥራዝ ፈታን፤ ያው ሁለት መስመር። የአመለወርቅን አስመጣሁ፤ ያው። ጋን የለም። ቀማሚ የለም። የጽሑፉን እጅ የሚያውቅ ሰው የለም። ሙሉ ዕድሜዬን ሌባ ስፈልግ የኖርኩት ትራሴ ሥር የተሰፋውን ነገር ነው። ያንን ምስኪን ደግሞ ያለ ጥፋቱ ጣልኩት።

ሽታውም እንዲሁ ነው፤ ማንም አልላከውም። ገጼ ተፈትቶልኛል። ቡሹ የት የት እንደሚቆም አሁን እኔም አውቀዋለሁ፤ ግንበኞቹ ሲመጡ ምናልባት አቀብላቸው ይሆናል። እናንተም ለምን እንደተሰበሰባችሁ ገብቶኛል። ከመካከላችሁ አንዱ ዋንጫዬን ሊረከብ ነው የመጣው። ይውሰደው። ግን ከመውሰዱ በፊት የትናንቱን ይስማ።

ትናንት ቀትር ላይ ነፋስ ተነሳ። ከምሥራቅ፣ ልክ እንደዚያን ጊዜው። "ቸኮል፣ እሰር!" አለ አገሩ። ገመዱ እጄ ላይ ነው። ላይ ልጄ አለች፤ ገመዱ በእጄ ውስጥ እሷ ስትወዛወዝ ይንቀጠቀጣል። አራት እርከን ወደ ታች ሌላዋ ልጄ አለች፤ ከበሯ ውጭ የቀረው ትከሻዋና አንድ እጇ ብቻ ነው። እጄን ብከፍት የታችኛዋ ትወጣለች። ከዚያ ደግሞ ከእሷ በላይ ያለ ሌላ ሰው ልጅ ይቀድማትና ቀና ይላል፤ ያልበዋል፤ ለእሷም ያው ዋንጫ ይወርድላታል። ይህን ሁሉ አሰብኩ ብላችሁ አታድንቁኝ። የምናገረው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩት "ስንቄ ትወድቅብኛለች" ብቻ ነው። ሁለት ዙር ጠምጥሜ አሰርኩት። ቋጠሮውን በጥርሴ ሳብኩት።

ነፋሱ ሲያልፍ ዋንጫውን አንስቼ ወረድኩ። በየበሩ ቀዳሁ፤ የጡቱን ጩኸት ግን አልጮህኩም። የየውብዳር በር ስደርስ ትከሻዋ ገብቷል። የቀረችው እጇ ብቻ ናት።

"አባዬ፣ ነፋስ ነበር አይደል?" አለችኝ ከውስጥ።

"ነበር።"

"ገመዱንስ?"

ያን ምስጢር የነገርኩት ለእሷ ብቻ ነበር።

"አሰርኩት" አልኳት።

ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ እንዴት በወደድኩ። እጇ ቀስ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ትንሽ ቆይታ በበሩ ሥር ጽዋዋን ገፋ አደረገችልኝ።